ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት
የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዳኝነትና አመራር

ቅዱስ ጳውሎስ በቂሣርያ ታስሮ ሳለ፣ አገረ ገዥው ፊስጦስ ለንጉሥ አግሪጳ ስለ እርሱ የነገረው ቃል በግብረ ሐዋርያት ይገኛል። ተከሳሽ ከከሳሾቹ ጋር ሳይተያይና መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ሳያገኝ ለቅጣት አሳልፎ መስጠት የሮማውያን ልማድ አለመሆኑን አስረዳው። ፊስጦስ አረማዊ ነበረ፤ በዚህ ነገር ግን የፍርድን ሥር ይዟል። በአገራችንም ከዚህ የማያንስ ሥርዐት ነበረ። ይህ ሥርዐት በተተወ ጊዜ ምን እንደ ተከተለ፣ በቤተ መንግሥት ጉባኤ ከጀመረውና በቃሊቲ እስር ቤት ከተፈጸመው ታሪክ መማር ይቻላል።

በሌላው ዓለም የመንግሥት ከሳሽ የነበረ ሰው የመንግሥት አለቃ ሲሆን ታይቷል። ጃፓናዊው ሂራኑማ ኪይቺሮ፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1912 የዐቃብያነ ሕግ አለቃ፣ በ1939 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1948 ግን በቶኪዮ በተሰየመው የጦር ወንጀል ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። እንግሊዛዊው ኪየር ስታርመርም ከ2008 እስከ 2013 በዋና ዐቃቤ ሕግነት ካገለገሉ በኋላ፣ በ2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በኢትዮጵያ ዐቃቤ ሕግነት ዘግይቶ የመጣ ሹመት ስለ ሆነ፣ ለዚህ የሚቀርበው ታሪክ በዳኝነታቸው ተመስግነው የሚኒስትሮች የበላይ እስከ መሆን የደረሱት የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ታሪክ ነው።

በቀድሞው ዘመን የተበደለ ሰው ራሱ ይከስ ነበር፤ ሰው የተገደለበትም ወገን ገዳዩን ይዞ ዳኛ ፊት ይቆም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ ዋስ ጠርተው በልሃ ልበልሃ እየተባባሉ ይሟገታሉ። ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ አገሬው በአፈርሳታ ተሰብስቦ ይመረምራል። ቅር የተሰኘ ባለ ጉዳይ ነገሩን በይግባኝ እስከ ዐፈ ንጉሡ፣ ከዚያም እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ያደርሳል። በዚያም ሊቃውንት 51 አንቀጽ ካለው ፍትሐ ነገሥት እየጠቀሱ ሕጉን ይገልጣሉ። የዚህ ሁሉ መሠረት አንድ ነው፤ የከሰሰ ይታያል፣ የተከሰሰም ይሰማል።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በጨቦ አገር ተወልደው፣ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ቤት አደጉ። ፊታውራሪ ገበየሁ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከወደቁ በኋላ በጦር አዛዥነት እርሳቸውን ተኩ። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ ኋላም የሚኒስትሮቹ ጉባኤ መሪ በመሆናቸው አንዳንድ ጸሐፍት የአገሪቱ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው ይቈጥሯቸዋል። ስማቸውን ከፍ ያደረገው ግን ጦሩ ብቻ አይደለም፤ ነገርን በትዕግሥት ሰምተው በብልሃት የሚፈርዱ በመሆናቸው፣ ፍርዳቸው ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ሲተረክ ኖሯል። የፈረስ ስማቸውም አባ መቻል ነበረ።

ይሁን እንጂ የሕይወታቸው ከባዱ ነገር በችሎት የታየ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው ሲያሳውቁ፣ ሕዝቡንና መኳንንቱን በመሐላና በግዝት አስረው ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል፣ መኳንንቱና ካህናቱ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ተሰብስበው፣ ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ክስ ተሰማ። ብፁዕ አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ፤ ልጅ ኢያሱም ተሽረው ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ራስ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ተባሉ። ከነገሩ መሪዎች አንዱ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ። ተከሳሹ በዚያ ቀን በሐረር ነበሩ።

አገር እንዳይከፈል የፈሩ ሰዎች ምክንያት ነበራቸው፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም። ክሱ እውነት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ግን በታሪክ ጸሐፍት ዘንድ እስካሁን አላለቀም፤ ያላለቀበትም አንዱ ምክንያት ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ችሎት ፊት ለፊት ባለመቆማቸው ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ የፈረደው ጦር ነበር። ንጉሥ ሚካኤል ድል ሆነው ተማረኩ፤ ልጃቸውም በ1913 ዓ.ም. ተይዘው፣ ሙግታቸው ሳይሰማ በእስር ኖረው በ1928 ዓ.ም. ሞቱ። ለድሀ የላም ሙግት ሁለቱን ወገን ይሰሙ የነበሩት ታላቅ ዳኛ፣ በዘውዱ ነገር ተከሳሹን ሳይሰሙ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ፊታውራሪ በንግሥቲቱና በአልጋ ወራሹ መካከል እንደ ሚዛን ሆነው ዐሥር ዓመት ቆዩ። በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ሲያርፉ ራስ ተፈሪ ጦራቸውንና ግዛታቸውን ያዙ፤ መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ተባሉ። ሚዛኑ በአንድ ሰው ጥበብ እንጂ በተጻፈ ሕግ ያልቆመ ነበረና ከሰውየው ጋር ወደቀ።

ሕግ ወደ መጻፉ የተሄደው ከዚህ በኋላ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ተሰጠ፤ ከጣልያን ወረራ በኋላም፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1942፣ የፍርድ አስተዳደርና የዐቃብያነ ሕግ አዋጆች ወጡ። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ሥነ ሥርዐቱ ታወጀ። መንግሥት በሕዝብ ስም እንዲከስ ተወሰነ፤ ነገር ግን የተጻፈ ሕግ ጠባቂ ካላገኘ ብራና ብቻ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ሲገድል፣ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኰንን፣ ከሟቾቹ ነበሩ። ዐቃቤ ሕግ አልከሰሰም፤ ዳኛም አልተቀመጠም።

ያ ደም በሌላ ዘመን ከሳሽ አገኘ። የደርግ ባለ ሥልጣኖች ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በልዩ ዐቃቤ ሕግ ተከሰው ችሎት ቀረቡ። ከእነርሱ መካከል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ ይገኙ ነበር፤ ከክሱም ውስጥ የ1967ቱ ግድያ አለበት። ሙግቱ 12 ዓመት ያህል ፈጅቶ በ1999 ዓ.ም. ጥፋተኞች ተባሉ። ዓለም በቃኝ ሲዘጋ እስረኞቹ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል ወደሚገኘው ቃሊቲ ተዛወሩ፤ ሞት የተፈረደባቸውም በ2003 ዓ.ም. ቅጣቱ ተለውጦላቸው በ2004 ዓ.ም. ተፈቱ። መዘግየቱ ብዙዎችን አሳዝኗል፤ ነገር ግን ተከሳሾቹ ለሌሎች የነፈጉትን መልስ የመስጠት ጊዜ እነርሱ አገኙ።

ከሳሽም ሆነ ዳኛ ወደ መንግሥት አመራር ሲወጣ፣ ጥያቄው ምን ያህል ብልህ ነው የሚል ብቻ አይደለም። የሚፈራውና የሚጠላው ሰው በፊቱ ቆሞ እንዲናገር ይፈቅዳልን? ነጠላ ከነጠላ የቋጠሩ አባቶች ይህን ያውቁ ነበር፤ ቋጠሮውን የሚፈታም፣ ታላቅ ዳኛ ቢሆንም እንኳ፣ ለልጅ ልጅ ያላለቀ ሙግት ያወርሳል።