ያላየሁትን አልናገርም

በሩቅ ሰሜን፣ በረዶ በማይጠፋበት አገር፣ ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው። ኖቫያ ዜምሊያ የሚገኘው በሩቅ ሰሜን ነው። እንግዲያው የኖቫያ ዜምሊያ ድቦች ቀለማቸው ምን ዓይነት ነው?

ይህ ጥያቄ በ1931 እና በ1932 በኡዝቤኪስታን መንደሮች ሻይ ቤት ውስጥ፣ በኪርጊዝ ተራሮችም ማታ እሳት ዳር ለተቀመጡ ገበሬዎችና እረኞች ቀረበ። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጠያቂዎቹ ከሞስኮ የመጡ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ነበሩ። ፊደል ያልቆጠሩት ተጠያቂዎች በብዛት የሰጡት መልስ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ የሚል ነው፤ ጥቁር ድብ አይቻለሁ፣ ሌላ አላየሁም፤ ያላየሁትን አልናገርም፤ አገሩን የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ እሱን ጠይቁ። ጠያቂው ከሰማኸው ቃል ተነሥተህ ፍረድ እያለ ቢወተውትም ገበሬው ከአቋሙ ንቅንቅ አላለም።

በልጅነታችን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ለተቀመጥነው ለእኛ መልሱ «ነጭ» መሆኑ ግልጽ ነው። ግልጽነቱም ያስቸኩለናል፤ ገበሬው ማሰብ ተሳነው ብለን ለመደምደም እንፈጥናለን። የዚህ ጥያቄ ታሪክ መነገር የሚገባው ስለዚሁ ችኮላ ነው።

የጉዞው መሪ አሌክሳንደር ሉሪያ በ1931 ገና የ29 ዓመት ሰው ነበር። የሐሳቡ ምንጭ ግን ባልደረባው ሌቭ ቪጎትስኪ ነው፤ እርሱ በሳንባ ነቀርሳ ይሠቃይ ነበር፣ ከዘማቾቹም ጋር አልተጓዘም። ቪጎትስኪ ያስተምር የነበረው በአጭሩ ይህ ነው፤ የሰው ልጅ ከፍተኛ የአእምሮ ተግባር ሁሉ በመጀመሪያ የሚታየው በሰውና በሰው መካከል ነው፤ ወደ ግለሰቡ ውስጥ የሚገባው ኋላ ነው። ሕፃን ከራሱ ጋር መምከርን የሚማረው ከሌሎች ጋር በመነጋገር ነው። ይህ እውነት ከሆነ፣ ኅብረተሰቡ ሲለወጥ አስተሳሰቡም መለወጥ አለበት፤ ለውጡም ሊለካ ይገባል።

በዚያን ጊዜ ይህን ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። በአውሮፓና በአሜሪካ የሕዝቦችን የአእምሮ ልዩነት በዘርና በደም የሚያብራሩ ፕሮፌሰሮች ወንበር ይዘው ነበር። ፈረንሳዊው ሉሲየን ሌቪ-ብሩል ደግሞ ከ1910 ጀምሮ ባሳተማቸው መጻሕፍት «ኋላ ቀር» የተባሉ ሕዝቦች ከአመክንዮ የቀደመ ሌላ ዓይነት አእምሮ አላቸው ብሎ ጽፏል። (ሌቪ-ብሩል በ1939 ሲሞት ትቷቸው የሄደው ማስታወሻዎች በ1949 ሲታተሙ፣ ይህን አባባሉን ራሱ እንደተወው ታወቀ። በመጽሐፍ የተሳሳተ በማስታወሻ ደብተር ሲታረም፣ እርማቱን የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው።) ቪጎትስኪና ሉሪያ የተነሡት ልዩነት አለ ቢባል እንኳ ምንጩ ታሪክ እንጂ ደም አለመሆኑን ለማስረዳት ነበር። ዓላማቸው የሚመሰገን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ኡዝቤኪስታን የተመቸ ስፍራ መሰላቸው። እዚያ አሮጌውና አዲሱ ኑሮ ጎን ለጎን ይገኝ ነበር፤ በጓዳ ተከልለው የሚኖሩ ሴቶች፣ የግል ማሳቸውን የሚያርሱ ገበሬዎች፣ የአጭር ጊዜ ኮርስ የወሰዱ የኅብረት እርሻ አባሎች፣ የመምህራን ማሠልጠኛ የገቡ ልጃገረዶች።

ሉሪያ ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና ሌላም ቅርጽ እየሣለ አሳያቸው። የጓዳ ሴቶቹ ክቡን ሳህን፣ ወንፊት፣ ጨረቃ አሉት፤ ሦስት ማዕዘኑን ክታብ አሉት። «ክብ» የሚለውን ስም የሰጡት የተማሩት ናቸው። ከዚያ መዶሻ፣ መጋዝ፣ ግንድና መጥረቢያ ያለበት ሥዕል አቀረበ፤ አንዱ የማይመሳሰል የቱ ነው ብሎ ጠየቀ። ትምህርት ቤት የሚጠብቀው መልስ «ግንድ» የሚል ነው፤ ሦስቱ መሣሪያዎች ናቸውና። ገበሬው ግን ሁሉም አንድ ላይ ናቸው አለ፤ ግንድ ከሌለ መጋዙና መጥረቢያው ምን ይሠራሉ? ሌላ ሰው ሦስቱን ለይቶ ግንዱን አውጥቷል ቢባል ያ ሰው ሞኝ መሆን አለበት ብሎ ሣቀ። ከ26 ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎች 21ዱ ነገሮችን ያዛመዱት በኑሮ አብረው በሚገኙበት ሁኔታ ነበር። ጥቂት ፊደል ከለዩት 10 የኅብረት እርሻ አባሎች 7ቱ በዓይነት መደቡ፤ አንድ ሁለት ዓመት ከተማሩት 12 ወጣቶች 12ቱም እንዲሁ አደረጉ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ አቅጣጫው ግን አያሻማም።

ሉሪያ ከዚህ የተረዳው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ትምህርትና አዲስ የሥራ ግንኙነት የሰውን አስተሳሰብ ከሥሩ ሊለውጡ እንደሚችሉ ነው። ይህ ውጤት ለሞስኮ ባለሥልጣኖች የምሥራች ይሆናል ተብሎ ሊታሰብ ይችል ነበር፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የመካከለኛው እስያን ሕዝቦች አእምሮ ዝቅ አድርጋችኋል የሚል ክስ ተነሣባቸው። ቪጎትስኪ በ1934 በ37 ዓመቱ ሞተ። በሐምሌ 1936 የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ በሕፃናት ጥናት ላይ የእገዳ ውሳኔ ሲያወጣ የቪጎትስኪ ሥራዎችም ከመደርደሪያ ተነሡ። ሉሪያ ወደ ሕክምና ትምህርት ተመልሶ የአንጎል ጉዳት መርማሪ ሆነ፤ በጦርነቱ ዘመን ጭንቅላታቸውን የቆሰሉ ወታደሮችን ረዳ፤ ዓለም ያወቀውም በዚህ ነው። የኡዝቤኪስታን ማስታወሻዎቹ በመጽሐፍ የወጡት በ1974 ነው፤ በ1977 ሞተ።

እስከዚህ ያለው የሊቃውንቱ ታሪክ ነው። ወደ ሻይ ቤቱ እንመለስ።

1931 በዚያ አገር ምን ዓመት ነበር? ገበሬው ማሳውንና ከብቱን ለኅብረት እርሻ እንዲያስረክብ የሚገደድበት፣ የጥጥ ኮታ የሚጫንበት፣ «ባለጠጋ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው ከቤተሰቡ ጋር የሚጋዝበት ዓመት ነበር። በጎረቤት ካዛኽስታን ከ1930 እስከ 1933 በነበረው ረኃብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አለቀ። ከዋና ከተማ የመጣ፣ ደብተር የያዘ እንግዳ ሻይ እየጠጣ ስላላየኸው አገር ንገረኝ ሲል፣ አስተዋይ ገበሬ ምን ሊመልስ ይገባዋል? ያላየሁትን አልናገርም ማለት የአእምሮ ድህነት ነው ወይስ የኖረ ብልኃት? ሌላም አለ። የኡዝቤክ ቋንቋ በዐረብ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ መንግሥት በላቲን ፊደል ለወጠው፤ በ1940 ደግሞ በሩስያ ፊደል። ትናንት ማንበብ የሚችል ሰው በአዋጅ ዛሬ መሃይም ሆኖ አደረ።

የሉሪያን ጥያቄ እንደገና ያነሣው ወጣቱ አሜሪካዊ ማይክል ኮል ነው። በ1962 ሞስኮ ሄዶ ከሉሪያ ዘንድ ከሠራ በኋላ ወደ ላይቤሪያ ተሻገረ፤ በክፔሌ ሕዝብ መካከልም ከባልደረቦቹ ጋር ተመሳሳይ ምርመራ አካሄደ። ሸረሪትና ጥቁር ድኩላ ሁልጊዜ አብረው ይበላሉ፤ ሸረሪት እየበላ ነው፤ ድኩላውስ? ተብለው የተጠየቁ ሽማግሌ መልሳቸው በዚያን ቀን እኔ አልነበርሁም፣ እንዴት ልመልስ እችላለሁ? የሚል ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ የሞኝ ቃል አይደለም፣ የምስክር ቃል ነው። በችሎት ፊት ያላየውን አየሁ የሚል ሰው በየትኛውም አገር የሐሰት ምስክር ይባላል።

ከዚሁ ከላይቤሪያ የተገኘው፣ ጆሴፍ ግሊክ የተረከው ነገር ግን ከሁሉ ይበልጣል። ምግብ፣ ልብስና መሣሪያ የተቀላቀሉባቸው ሃያ ዕቃዎች ቀርበው በየዓይነታቸው ለዩ ሲባሉ፣ ክፔሌዎቹ ቢላዋውን ከብርቱካኑ ጋር አጣመሩ፤ ቢላዋ ብርቱካን ይቆርጣልና። ብልህ ሰው የሚያደርገው እንዲህ ነው አሉ። ተመራማሪው ሲታክተው ሞኝ ሰው ቢሆንስ እንዴት ይለያቸው ነበር? ብሎ ጠየቀ። ወዲያው ምግቡን ከምግብ፣ ልብሱን ከልብስ፣ መሣሪያውን ከመሣሪያ ጋር እንከን በሌለው አኳኋን ደረደሩለት። ችሎታው ከመጀመሪያው ነበራቸው፤ ያልነበረው ጥያቄው ነው።

ከዚያ በኋላ ኮልና ሲልቪያ ስክሪብነር እዚያው ላይቤሪያ ወደሚኖረው ወደ ቫይ ሕዝብ ዞሩ። ቫይዎች በ1830ዎቹ ሞሞሉ ዱዋሉ ቡኬሌ የፈለሰፈው የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ ይህን የሚማሩት በቤት ነው። ቁርኣን በዐረብኛ ይቀራሉ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ ይማራሉ። ፊደልን ከትምህርት ቤት ለይቶ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ስፍራ አይገኝም። በ1981 የታተመው ውጤታቸው ብዙ ሰው አሳፈረ፤ ፊደል ብቻውን አእምሮን ከሥሩ አይገለብጥም። የቫይ ፊደል ለደብዳቤ አጻጻፍና ድምፅን አቀናጅቶ ለመረዳት፣ የቁርኣን ትምህርት ቃል በቃል ለመያዝ ይረዳል፤ የአመክንዮን መልስ አብራርቶ መናገር የሚያስለምደው ግን የትምህርት ቤቱ የጥያቄና መልስ ልማድ ነው።

ይህ መጽሐፍ ሲወጣ አገራችን በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መካከል ነበረች። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በ15 ቋንቋዎች ያስተማረ፣ በ1980ም የዓለም አቀፍ ሽልማት ያስገኘ ነው። ከዚያ ቀደም በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተልከዋል። ሰፊውን ሕዝብ እናነቃለን ብለን ስንወጣ፣ እንቅልፋም መሆኑን በምን አወቅን? ዶናልድ ሌቪን በ1965 ሰምና ወርቅን ከዘመናዊነት ጋር የማይስማማ የአሻሚነት ልማድ ሲል ብዙዎቻችን ተቆጥተናል፤ ቁጣችን ግን ባላገሩን ስንመዝነው አልታየም። ፊደል ያልቆጠረ ባላገር በዋርካ ጥላ ሥር በበላ ልበልሃ ሲሟገት ሰምተን አድገናል። በተጠየቅ ተቃራኒውን ያጣብቀዋል፤ ይህ እውነት ከሆነ ያኛው እንዴት ይሆናል ይለዋል፤ ማር ወይም በቅሎ ይወራረዳል። እንግዲህ «ይህ እውነት ከሆነ» የድቡ ጥያቄ ሥር ራሱ ነው። ይኸው ሰው ስለ ኖቫያ ዜምሊያ ድብ ቢጠየቅ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብሎ ፊቱን ያዞር ነበር። አመክንዮው አልጎደለውም፤ ክርክሩ የእርሱ አይደለም።

እኔም በተራዬ ተጠያቂ ሆኜ አውቃለሁ። በስደት በምኖርበት አገር፣ በአንድ ቢሮ፣ ትሑት የሆነ ሹም ጠረጴዛ ፊት ተቀምጬ፣ ወደ አገርህ ብትመለስ ምን ይደርስብሃል? ተባልሁ። ሕጉ የሚፈልገው መልስ ከተሰጡት ነገሮች ተነሥቶ ያልታየውን መደምደም ነው። የዲግሪ ተማሪ ነበርሁ፤ ሉሪያንም አንብቤአለሁ። ሆኖም ከአፌ የወጣው እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያልሆነውን እንዴት እናገራለሁ የሚል ነበር። አስተርጓሚው ቀና ብሎ አየኝ፤ ሹሙ «አያውቅም» ብሎ ጻፈ።

ሉሪያ በምርመራው መካከል ተጠያቂዎቹ በተራቸው የፈለጉትን ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቁት ይጋብዝ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩት ብዙዎቹ ለመጠየቅ እንኳ ማወቅ ያስፈልጋል ብለው ዝም አሉ። ከኅብረት እርሻ አባሎቹ መካከል ግን ኑሮ የሚሻሻለው እንዴት ነው? የፋብሪካ ሠራተኛ ኑሮ ከገበሬው የሚሻለው ለምንድን ነው? ብለው የጠየቁ ነበሩ። ሉሪያም እነዚህን በደብተሩ ጻፋቸው፤ ደብተሩም እስከ 1974 በመሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።