የቆፋሪው ሥዕል ምን ይነግረናል?

ስመ ጥሩው የሆላንድ ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎኽ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. ከወላጆቹ ጋር በኤተን መንደር ሳለ ለወንድሙ ለቴዎ በላከው ደብዳቤ ውስጥ በብዕርና በቀለም የተነደፉ ትንንሽ ሥዕሎች ይገኛሉ። ከእነዚሁም አንዱ አካፋውን ተደግፎ የቆመ ቆፋሪ ነው። ዘውድ የለው፤ ጋሻ የለው።

ሥዕሉን ለመረዳት ሠዓሊው ራሱ በዚያ ወራት የጻፈውን ማወቅ ይጠቅማል። ፒት ካውፍማን የተባለ አንድ የጕልበት ሠራተኛ ለሥዕል ተስማሚ ኾኖ አገኘው፤ ነገር ግን የመንደሩ ሰዎች የእሑድ ልብሳችንን ካልለበስን አንሣልም እያሉ አስቸገሩት። እርሱ የፈለገው ጕልበትና ክርን ምልክታቸውን የተዉበትን የሥራ ልብስ ነበር። እንግዲህ ከፊቱ ይልቅ የልብሱን እጥፋትና የትከሻውን ጕብጠት ማንበብ ይገባናል።

በእኛስ አገር? በሆሳዕናና በዱራሜ በየቤቱ የተሰቀሉትን የአያቶቻችንን ፎቶግራፎች ብንመለከት የኤተን ሰዎች ምኞት የተፈጸመው እዚህ ይመስላል፤ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሞልቷል፤ ዶማ ይዞ የተነሣ ግን ማግኘት ይቸግራል። (በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ መነሣት ትልቅ ነገር ነበርና አይፈረድባቸውም።) የከተማችን ታሪክ ሲነገር ዋቸሞ ሆሳዕና መባሏና የራስ አባተ ቧያለው ስም ይነሣል። ማሳውን የቆፈሩት አባቶችና እንሰቱን የፋቁት እናቶች ግን ሥዕላቸው የት አለ? ዕድሜ የሰጣቸው ጥቂቶች ዛሬም ከነዶማቸው ይገኛሉ፤ እንሣላችሁ ብንላቸው ግን አስቀድመው ጋቢ ፍለጋ ወደ ቤት መግባታቸው አይቀርም።