ያለ ምስማር የቆመ መስኮት

በአዘርባጃን ሰሜናዊ ምዕራብ፣ በካውካሰስ ተራሮች ሥር የምትገኘው ሸኪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1772 በጎርፍ ወድማ ከፍ ባለ ቦታ እንደገና ተቆረቆረች። ሐር ያበለጸጋት የዚህች ከተማ ገዥዎች በዚያው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ቤተ መንግሥት ዛሬም ቆሟል።

ዓይን የሚማርከው የመስኮቱ ፍርግርግ ነው፤ ሸበኬ ይባላል። አናጺው ዋልነትን፣ ቢችን ወይም ኦክን የመሰለ ጠንካራ እንጨት በደንብ አድርቆ በትንንሹ ይቆርጣል። በየቁራጩ ጠርዝ ቦይ ያወጣል፤ ባለቀለሙን መስታወት በቦዩ ሰክቶ እንጨቶቹን እርስ በርስ ያቆላልፋል። ምስማር የለም፣ ሙጫም የለም። አንድ ካሬ ሜትር በሺዎች የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች ሊይዝ ይችላል። አንዷ በጥቂቱ ብትዛነፍ ስህተቱ እየተደማመረ ሄዶ የመጨረሻዋ ቁራጭ መግቢያ ታጣለች።

የሥራው ትልቅ ጥበብ ግን በጥገናው ላይ ይታያል። ክፈፉ ስላልተጣበቀ መጋጠሚያው ይፈታል፤ የተሰበረው ይተካል፤ ጤነኛው አሮጌ እንጨት ሳይጣል ወደ ቦታው ይመለሳል። በሙጫ ቢያያዝ ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 የሸኪን ታሪካዊ ማዕከል ከነቤተ መንግሥቱ በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። የከተማዋ አናጺዎችም እስከ ዛሬ ሸበኬ ይሠራሉ።