ምስጋናና ወቀሳ

የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ሕዝብ በያመቱ፣ በእኛ አገር የነቢያት ጾም በሚገባበት ሰሞን፣ በዕለተ ሐሙስ ከዘመዶቹ ጋራ ለማዕድ ተቀምጦ አምላኩን ያመሰግናል። ቀኑም የምስጋና ቀን ይባላል። ታሪኩን ስንመረምር ግን ምስጋናው ከወቀሳ ተለይቶ የኖረበት ዘመን ጥቂት ኾኖ እናገኘዋለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው በ1621 ዓ.ም. ነው። በሜይፍላወር መርከብ ወደዚያ ከተሻገሩት 102 መንገደኞች እኩሌታ ያህሉ በመጀመሪያው ክረምት አለቁ። የተረፉት የአገሩ ተወላጅ ስኳንቶ በቆሎ መዝራት ስላስተማራቸው፣ መከሩ በገባ ጊዜ በፕሊመዝ የ3 ቀን ግብዣ አደረጉ፤ የዋምፓኖአግ ነገድ አለቃ ማሳሶይትም 90 ያህል ሰዎች አስከትሎ በማዕዱ ተካፈለ።

በ1789 ዓ.ም. ኤልያስ ቡዲኖት የተባለው የሕዝብ እንደራሴ፣ ፕሬዚዳንቱ የምስጋና ቀን እንዲያውጅ ሐሳብ አቀረበ። የደቡብ ካሮላይናው ቶማስ ታከር ግን ተቃወመ። ሕዝቡ አዲሱ ሕገ መንግሥት ለደኅንነቱና ለደስታው የሚበጅ መኾኑን በሥራ ሳያይ ስለ እርሱ አመስግን ሊባል አይገባም ማለቱ ነበረ። ይኹን እንጂ ጆርጅ ዋሽንግተን ቀኑን ዐወጀ። ከ1801 እስከ 1809 ዓ.ም. የገዛው ቶማስ ጄፈርሰን ግን እንዲህ ያለ አዋጅ አላወጣም።

በ1863 ዓ.ም. ወንድም ከወንድሙ ሲዋጋ፣ የመጽሔት አዘጋጅዋ ሣራ ሄል ለብዙ ዓመታት ስትጠይቅ የኖረችውን አብርሃም ሊንከን ፈጸመው። አዋጁ ስለ መከሩ በረከት ሲያመሰግን፣ ሕዝቡ ስለ በደሉ ንስሐ እንዲገባና ባል የሞተባቸውን ሴቶችና የሙት ልጆችን እንዲያስብ ጭምር ያዝዛል።

ከዚያም በ1939 ዓ.ም. ፍራንክሊን ሩዝቬልት የገና ገበያ እንዲረዝም ሲል በዓሉን በ1 ሳምንት አስቀደመው። ክፍላተ አገሩ ተለያዩ፤ ገሚሱ በአዲሱ፣ ገሚሱ በቀድሞው ሐሙስ አከበረ፤ ሕዝቡም መሪውን ተሣለቀበት። ክርክሩ የተዘጋው በ1941 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ቀኑ የኖቬምበር 4ኛ ሐሙስ ኾኖ ሲቈረጥ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደ ተባለው፣ መሬታቸው የተወሰደባቸው ተወላጆች ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ያንኑ ዕለት በፕሊመዝ የሐዘን ቀን አድርገው ያስቡታል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ምስጋና ለሹም የሚከፈል ግብር አለመኾኑን ነው። ገበሬው ያመረተውን፣ እናት ያሳደገችውን፣ ጐረቤት ያካፈለውን ሹም እንደ ራሱ ሥራ ቈጥሮ ሊመሰገንበት አይገባም። አገሩን የሚወድ ሕዝብ አምላኩን እያመሰገነ ገዥውን መጠየቅ ይችላል፤ ኩራቱም ወቀሳን በመስማት አይጐድልም። የመንግሥት ሥራ በእጃችን ያለን እኛም፣ ሕዝቡ ለምን አላመሰገነንም ከማለታችን በፊት የታከርን ጥያቄ አስቀድመን ለራሳችን ብናቀርበው መልካም ነው።