ባሕሩ ሲሸሽ የሚጋለጠው የኦክቶፐስ መኖሪያ

በምሥራቅ አፍሪካና በማዳጋስካር ጠረፎች ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሸሽ ኮራል የበዛበት ዐለታማ ወለል ይጋለጣል። ጀልባ የሌላቸው ሴቶች በእግራቸው ወጥተው ኦክቶፐስ ያድናሉ፤ ዛጎል ለበስ እንስሳትንም ይለቅማሉ። ይሁንና ተደጋጋሚ ርግጫ ኮራሉን ይሰባብራል፤ ተገልብጦ የሚተው ድንጋይም ከሥሩ የተጠለሉ ፍጥረታትን ለፀሐይ ይዳርጋል።

በደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር የአንዳቫዱዋካ መንደር ነዋሪዎች እአአ በ2004 ከአደን ስፍራዎቻቸው አንዱን ለወራት ዘጉ። ኦክቶፐስ በአጭር ጊዜ ክብደቱን በእጅጉ ስለሚጨምር፣ ስፍራው ሲከፈት ትልልቆቹ ተገኙ። ነገር ግን በመክፈቻው ቀናት አዳኝ ሲበዛ ትርፉ ፈጥኖ ይሟጠጣል። ስለዚህ እገዳው የሚጸናው መክፈቻውም ልክ ሲኖረው፣ በእገዳው ወራትም እነዚያ ሴቶች የሚያድኑበት ሌላ ስፍራ ሲቀርላቸው ነው።