ከማውስ ወደ ብዕር፤ ኮሚክስ በኮምፒዩተር የተሣለባቸው አርባ ዓመታት

‹‹ይሄ እኮ በኮምፒዩተር የተሠራ ነው!›› የምትለዋ አባባል በእኛ ሰፈር ሁለት ፊት አላት። ስለ ሠርግ ጥሪ ካርድ ወይም ስለ ሱቅ ማስታወቂያ ስትነገር ሙገሳ ናት፤ ጥራትን ትመሰክራለች። ስለ ሥዕል ስትነገር ግን ትገለበጥና ‹‹ሰው አልደከመበትም›› ማለት ትሆናለች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ታናሽ እህት መጥታላታለች፤ ‹‹ይሄ እኮ ኤ.አይ. የሠራው ነው›› የምትል። ሁለቱን አባባሎች አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። ሣዪው ቁልፍ ተጫነ፣ ማሽኑ ሠራ፤ ምን ልዩነት አለው?

እኛ ልዩነት አለው ባዮች ነን። ልዩነቱን ለማየት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ክርክሩ ዛሬ የተወለደ ይመስላል እንጂ ዕድሜው አርባ ዓመት ደርሷል፤ በተለይ በኮሚክስ መንደር። ኮሚክስ ስንል በተከታታይ ሣጥኖች ውስጥ እየተሣለ የሚተረከውን ታሪክ ማለታችን ነው። (ነገሩ ለዓይናችን እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በአራት ማዕዘን ክፍሎች ደርድሮ የሚተርከውን ባህላዊ ሥዕል ያየ ሰው ኮሚክስ ማንበብን ያውቃል።) ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንናገርና እንጀምር።

ማሽኑ መድረክ ላይ ሲወጣ

ሰው በኮምፒዩተር መስታወት ላይ በብዕር መሣል የጀመረው ብዙዎቻችን ከምንገምተው ቀድሞ ነው። በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለ የኤም.አይ.ቲ. ተማሪ ለዶክትሬት ማሟያው ‹‹ስኬችፓድ›› የተሰኘ ፕሮግራም ሠራ። የብርሃን ብዕር መስታወቱ ላይ ሲያሳርፍ መስመር ይወጣል፤ መስመሩን ይዞ ሲጎትተው ይንቀሳቀሳል። ያን የሚያሠራው ማሽን ግን በላቦራቶሪ የሚኖር እንጂ ሣዪ ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጠው አልነበረም።

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው በጥር 1984 መጣ። የአፕል ኩባንያ ማኪንቶሽ፣ ቢል አትኪንሰን ከጻፈው ‹‹ማክፔይንት›› ከተባለ የመሣያ ፕሮግራም ጋር። የዛሬ ስልኮቻችንን እያሰብን አንቅናበት እንጂ ዕቃው ድሃ ነበር። መስታወቱ በአግድም 512፣ በቁመት 342 ነጥቦች ብቻ አሉት። እያንዳንዱ ነጥብ ወይ ጥቁር ነው ወይ ነጭ፤ ግራጫ እንኳን የለም። የሚሣልበት ገጽ በሙሉ በአንድ ጊዜ አይታይም። ብዕርም የለም፤ የሚሣለው በማውስ ነው። በማውስ ፊርማውን ለመፈረም የሞከረ ሰው መከራው ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ግን ማይክ ሴንዝ የተባለውን አሜሪካዊ ሣዪ አላስቆመውም። በ1985 ከደራሲው ፒተር ጊሊስ ጋር ‹‹ሻተር›› የተባለውን ኮሚክስ በፈርስት ኮሚክስ ማተሚያ በኩል አወጡ። ሥዕሉ በማኪንቶሽ ላይ በማውስ ተሣለ፣ በማተሚያ ማሽን ወጣ፣ ከዚያም ቀለሙ እንደ ወትሮው በሰው እጅ ተቀባ። በኮምፒዩተር ተሥሎ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው የኮሚክስ መጽሔት ተብሎ የሚጠቀሰው ይኸው ነው። ጠርዙ ሁሉ እንደ ደረጃ የተሸረከተ፣ ጥላው በነጥብ የተሞላ፤ የሰው ፊት በጥልፍ መርፌ የተወጋ ይመስላል። ያኔ ግን ጉዱም ያ ነበር። አንባቢ መጽሔቱን የሚያነሳው ‹‹ኮምፒዩተር ሣለው›› የተባለውን ለማየት ነው።

ሴንዝ በዚያው ቀጥሎ በ1988 ለማርቭል ‹‹አይረን ማን፦ ክራሽ››ን ሠራ። በ1990 ደግሞ ፔፔ ሞሬኖ ለዲሲ ‹‹ባትማን፦ ዲጂታል ጀስቲስ››ን አቀረበ፤ ርእሱ ራሱ ‹‹ዲጂታል›› እያለ የሚምል፣ ከተማውና ሰማዩ በኮምፒዩተር የተገጣጠመ፣ በሚያብለጨልጭ ቀለም የተጥለቀለቀ መጽሐፍ።

ዛሬ እነዚህን ሥራዎች የሚገልጥ ሰው ምን ያያል? ታሪኩን ሳይሆን ማሽኑን ያያል። የ1985ቱ የ1985ን፣ የ1990ው የ1990ን ማሽን። ያኔ ያስደነቀው ነገር ቶሎ ያረጀው ነገር ሆነ። በቀለምና በወረቀት የተሠሩ የዚያው ዘመን ሥራዎች ግን አሁንም ይነበባሉ፤ ያረጀባቸው ቢኖር የወረቀታቸው ቀለም ነው።

ማሽኑ ጓዳ ሲገባ

ታዲያ በእነዚያው ዓመታት፣ ማንም ሳያጨበጭብለት፣ ኮምፒዩተር በጓሮ በር ወደ ኮሚክስ ቤት እየገባ ነበር።

የጃፓናዊው ካትሱሂሮ ኦቶሞ ‹‹አኪራ›› አገሩ ላይ ከ1982 ጀምሮ በጥቁርና ነጭ የታተመ ሥራ ነው። ኤፒክ የተባለው የማርቭል ክፍል በ1988 ለአሜሪካ አንባቢ ሲያቀርበው ቀለም እንዲገባበት ተደረገ፤ ሥራው የተሰጠው ስቲቭ ኦሊፍም ቀለሙን በኮምፒዩተር ቀባው። ልብ በሉ፤ መስመሩ የኦቶሞ እጅ ነው። ማሽኑ የገባው ከመስመሩ በኋላ፣ አድካሚው ሥራ ላይ ነው። ሽፋኑ ላይ ‹‹ኮምፒዩተር ቀባው›› የሚል ጩኸት አላስፈለገውም። አንባቢው ያየው ሌሊቱን፣ መብራቱንና እሳቱን ነው።

ቀጥሎ የተራው ባለቤት ፊደል ሆነ። በአሜሪካ ኮሚክስ በንግግር ፊኛው ውስጥ ያለውን ቃል በብዕር የሚጽፍ ራሱን የቻለ ባለሙያ ነበር። በ1992 ሪቻርድ ስታርኪንግስ ‹‹ኮሚክራፍት›› የተባለ ድርጅት አቋቋመና የእጅ ጽሕፈት የሚመስሉ ፊደላትን በኮምፒዩተር እያሰናዳ ይጽፍ ጀመር። በጃፓን ደግሞ ሣዮች ጥላ ለመስጠት ነጠብጣብ ያለበትን የሚጣበቅ ስስ ፕላስቲክ በምላጭ እየቆረጡ ይለጥፉ ነበር። በ2001 ሴልሲስ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ያወጣው ‹‹ኮሚክ ስቱዲዮ›› ምላጩን አስቀረ። የእሱ ልጅ ‹‹ክሊፕ ስቱዲዮ ፔይንት›› በ2012 መጥቶ ዛሬ በኮሚክስ ሣዮች ዘንድ ስሙ ከገነኑት አንዱ ነው።

በቶማስና በጆን ኖል ወንድማማቾች ተጀምሮ በየካቲት 1990 ገበያ የወጣው ፎቶሾፕ ደግሞ ሁለት ታላላቅ ስጦታዎችን ቀስ እያለ ሰጠ። አንደኛው በ1994 የመጣው ‹‹ሌየር›› ነው። ብርሃን የሚያሳልፉ ወረቀቶችን አንዱን ባንዱ ላይ እንደ መደረብ ያለ ነገር ነው፤ ንድፉ ከታች፣ መስመሩ ከላይ፣ ቀለሙ በመካከል። አንዱን ስትነካ ሌላው አይበላሽም። ሁለተኛው በ1998 የመጣው ብዙ እርምጃ ወደ ኋላ የመመለስ ችሎታ ነው። ከዚያ በፊት ፎቶሾፕ ይቅር የሚለው የመጨረሻዋን አንዲት ስሕተት ብቻ ነበር።

ይህ ቀላል ነገር አይምሰለን። በወረቀት ለሚሠራ ሰው ስሕተት ዋጋ አላት። ሁለት ቀን የተለፋበት ገጽ ላይ የፈሰሰች የቀለም ጠብታ ገጹን ትበላለች። ስለዚህ እጅ ይፈራል፤ የለመደውን ብቻ ይሥላል። ወደ ኋላ መመለስ ሲቻል ግን ‹‹እስቲ ልሞክረው›› የምትል ድፍረት ትመጣለች። ‹‹ኮንትሮል ዜድ›› እጅን አልተካችም፤ ፍርሃቱን ቀነሰችለት እንጂ።

ብዕሩ ሲመለስ

የማውሱን መከራ የፈታው ግን ሌላ ዕቃ ነው። በ1983 ጃፓን ውስጥ የተመሠረተው ዋኮም ገመድም ባትሪም የማያሻው ብዕር ይዞ መጣ። ብዕሩ ኃይል የሚያገኘው ከሰሌዳው ነው፤ ጫን ሲሉት መስመሩ ይወፍራል፣ ሲለቁት ይቀጥናል። በ1991 ‹‹ፔይንተር›› የተባለው ፕሮግራም በበኩሉ የእርሳስን፣ የከሰልንና የዘይት ቀለምን ጠባይ ለመምሰል ተነሳ። የሚሸጠውም በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ነበር! በ2001 ዋኮም በቀጥታ መስታወቱ ላይ የሚሣልበትን ‹‹ሲንቲክ›› አወጣ። በ2015 አፕል ለአይፓድ ብዕር ሠራለት፤ ከአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ የመጣውና በ2011 ገበያ የገባው ‹‹ፕሮክሪየት›› በዚያ ብዕር ተስፋፋ።

እነዚህን ሁሉ አሰልፈን ስናያቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ከማውስ ተነስተን፣ ብዙ ሚሊዮን ብር ፈሶ፣ ሠላሳ ዓመት ተደክሞ የደረስንበት ቦታ... እርሳስና ወረቀት የሚመስል ነገር ነው። በ1985 ሣዪው ማሽኑን ለመምሰል ይጣጣር ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ማሽኑ ነው የሣዪውን እጅ ለመቀበል ሲጣጣር የኖረው። ዘልቆ የኖረውም የተደበቀው መሣሪያ ነው።

ዋጋና ፊደል

እስካሁን ያወራነው የባለጸጎችን ታሪክ ነው። ለእኛ አገር ሣዪ ሁለት በሮች ተዘግተው ቆይተዋል፤ አንዱ ዋጋ፣ ሌላው ፊደል።

ዋጋውን እንያዝ። በ2013 አዶቤ ኩባንያ ለፎቶሾፕና ለወንድሞቹ አዲስ እትም አንዴ ገዝቶ የራስ ማድረግን አስቀርቶ በየወሩ የሚከፈል ኪራይ አደረገው። በውጭ ምንዛሪ፣ ያውም በየወሩ! ኪራዩን የማይችል በተሰነጠቀ ቅጂ መሥራቱ ማንም የሚያውቀው ምሥጢር ነው። ነገር ግን ሌላ መንገድም ነበር። ‹‹ጂምፕ›› በ1996 ለሕዝብ ወጣ፤ ነጻ ነው። ‹‹ክሪታ›› በ1999 ተጀምሮ በ2005 የመጀመሪያ እትሙ ተለቀቀ፤ ለመሣል ተብሎ የተሠራና እሱም ነጻ የሆነ። ፈረንሳዊው ዴቪድ ሬቮይ ‹‹ፔፐር ኤንድ ካሮት›› የተባለውን ኮሚክስ ከ2014 ጀምሮ በክሪታ እየሣለ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲተረጉመውና እንዲያትመው ፈቅዶ በነጻ ያወጣል። ለሙያ የሚበቃ ኮሚክስ ያለ ኪራይ ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። ኮምፒዩተር ለሌለው ደግሞ እንደ ‹‹አይቢስ ፔይንት›› ያሉ በስልክ ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሌየሩም፣ ኮንትሮል ዜዱም በጣት ጫፍ።

ፊደሉስ? ኮሚክስ ግማሹ ጽሑፍ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮድ ስለነበራቸው አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላው ላይ ሲከፈት የማይነበብ ኮተት ይሆናል። ‹‹ኒያላ›› የተባለው የግዕዝ ፊደል ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣው በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። ደግሞ እንበልና አንድ እንግሊዛዊ ሣዪ የእጅ ጽሕፈቱን ወደ ኮምፒዩተር ፊደል ሊለውጥ ቢነሳ፣ ኮሚክሱን በትልልቁ ፊደል ብቻ ከጻፈ ሃያ ስድስት ፊደል ይበቃዋል። የእኛዋ ሣዪ ግን 33ቱን በሰባት አባዝታ 231 ፊደል መጻፍ አለባት፤ ‹‹ሏ››ና ‹‹ቷ››ን ሳንጨምር። የእንግሊዝኛው ኮሚክስ ጩኸትን በወፍራም፣ ሐሳብን በዘመም ፊደል ይለያል፤ በአማርኛ የሚጮኽ ፊደል ምን ይመስላል? መልሱን የሚሠራው ወጣት ገና ብዙ ሜዳ አለው።

ያም ሆኖ በሩ ተከፍቷል። በ2018 በበሰራት ደበበ የተመሠረተው ኢታን ኮሚክስ ‹‹ጀምበር››ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ጀግናው አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ አዲስ ምሩቅ ነው። (ልዕለ ኃያልነቱ ይቅርና ሥራ ፍለጋውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን።) አማርኛ የሚናገር ጀግና በፊኛው ውስጥ በገዛ ፊደሉ ሲናገር ማየት የቆየ ዕዳ እንደ መክፈል ነው።

ደግሞ መድረኩ ላይ

አሁን ወደ ተነሳንበት እንመለስ። በ2022 ቃል ሲጽፉለት ሥዕል የሚያወጡ ማሽኖች በሰፊው ተለቀቁ። በዚያው ዓመት በኅዳር መጨረሻ ሴልሲስ፣ ያ ምላጩን ያስቀረው ኩባንያ፣ ክሊፕ ስቱዲዮ ውስጥ ሥዕል የሚያመነጭ መሣሪያ ሊያስገባ መሆኑን አስታወቀ። ደንበኞቹ ሣዮች ጮኹ። ኩባንያው በቀናት ውስጥ፣ ታኅሣሥ ሳይገፋ፣ ሐሳቡን ሰረዘ። በየካቲት 2023 የአሜሪካ የቅጂ መብት መሥሪያ ቤት ‹‹ዛርያ ኦፍ ዘ ዶውን›› በተባለ ኮሚክስ ላይ ሲወስን፣ ጽሑፉና የገጾቹ አደራደር የደራሲዋ ነው፣ በሚድጆርኒ የወጡት ምስሎች ግን የሰው ድርሰት ስላልሆኑ ጥበቃ የላቸውም አለ። በነሐሴ 2024 ደግሞ የፕሮክሪየት ባለቤቶች ሥዕል አመንጪ መሣሪያ ምርታችን ውስጥ አይገባም ሲሉ በይፋ ተናገሩ።

ሣዮቹ የጮኹት ኮምፒዩተር ጠልተው አይደለም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ቀለም መቀባቱን፣ ነጥብ መለጠፉን፣ ፊደል መደርደሩን ለማሽን ሲያስረክቡ አልጮኹም። የጮኹት መስመሯ ራሷ ስትጠየቅ ነው። ልዩነት አለው ያልነው ይህንን ነው፤ ሸክም የሚያወርድ አሽከር ሌላ፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ እንግዳ ሌላ።

ታሪክ ትንቢት አይደለምና ነገ ምን እንደሚሆን አንምልም። ግን አርባው ዓመት አንድ ነገር ይመሰክራል። ማሽኑን ለማሳየት የተሠራው ሥራ ከማሽኑ ጋር አረጀ፤ ማሽኑን ደብቆ እጅን ያሳየው ቀረ። በተለይ ለእኛ፣ በገዛ ፊደላችን የሚናገር ሥዕላዊ ታሪክ ገና በጣት ለሚቆጠርልን፣ ጉዳዩ የቅንጦት ክርክር አይደለም። አማርኛው የሚጮኽበትን ፊደል፣ የታክሲ ረዳቱን አንገት፣ የመርካቶን ግርግር ገና በቅጡ አልሣልነውም። ያልተሣለውን አመንጪው ማሽን ከየት አምጥቶ ያመነጭልናል?

ስለዚህ የምትሥሉ ወዳጆቻችን ሆይ፤ ብዕሩ ረክሷል፣ ወረቀቱ አያልቅም፣ ስሕተቱም ይመለሳል። በሚቀጥለው ጊዜ ‹‹ይሄ እኮ በኮምፒዩተር የተሠራ ነው›› የሚል ሰው ሲመጣ ‹‹አዎ፣ እጁ ግን የኔ ነው›› በሉት።

ቸር ይግጠመን።