የዝናባማው ደን ዕፅዋት እንዴት ያድጋሉ? የነገው ጥላ ዛፍ ከቡናው ግርጌ ነው

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የደን ቡና በሚለቀምባቸው አካባቢዎች አርሶ አደሩ የለቀማው ወቅት ከመድረሱ በፊት በቡናው ግርጌ የበቀለውን ቁጥቋጦና ሐረግ በገጀራ ይመነጥራል። ሥራው ተገቢ ነው፤ ያልተመነጠረ ቡና ምርቱ ያነሰ ነው፣ ለለቀማም ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ከሚቆረጡት መካከል ቁመታቸው ከጉልበት የማያልፍ፣ አረም የሚመስሉ የቀረሮና የሌሎች ታላላቅ ዛፎች ችግኞች ይገኙበታል። እነዚህ ችግኞች ለምን አጥረው እንደሚቆዩ ለመረዳት የዝናባማ ደን ዕፅዋትን አኗኗር ማወቅ ያስፈልጋል።

የአማዞንና የኮንጎ ዝናባማ ደኖች በአብዛኛው ሞቃታማና ዝቅተኛ ሥፍራ ላይ ይገኛሉ። የካፋ፣ የሸካና የያዩ ደኖች ግን ከፍታ ላይ ያሉ በመሆናቸው ቀዝቀዝ ይላሉ። ካፋና ያዩ እ.አ.አ. በ2010፣ ሸካ ደግሞ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግበዋል።

እንዲህ ባለ ደን ውስጥ ዕፅዋት የሚሻሙት ከውኃ ይልቅ ብርሃንን ነው። ቀረሮ ከ40 ሜትር በላይ ይመዘዝና ፀሐይን ቀድሞ ይቀበላል። ከሥሩ መካከለኛ ዛፎች፣ ዝቅ ብሎ ቡና፣ ከመሬቱ አጠገብ ደግሞ ኮረሪማ ይበቅላሉ። ጥቅጥቅ ባለ ዝናባማ ደን ውስጥ መሬት የሚደርሰው ብርሃን ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ያህል ብቻ ነው። ቡና ለዚህ ጥላ የተፈጠረ ተክል ነው። ቅጠሉ ሰፊና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፤ ጫፉም ሹል በመሆኑ የዝናቡን ውኃ ፈጥኖ ያንጠባጥባል። ጥላው ሁሉ የተነሳበት ቡና አንድ ዓመት ከአቅሙ በላይ አፍርቶ ቅርንጫፉ የሚደርቀውም ከዚሁ ተፈጥሮው የተነሣ ነው።

ግንድ ለማሳደግ ሳይደክሙ ወደ ብርሃን የሚወጡም አሉ። ሐረጎች በሌላው ዛፍ ላይ ይንጠላጠላሉ። ኦርኪድና ሳረንስት ቅርንጫፍ ላይ ይበቅላሉ፤ ይሁን እንጂ እንደ ተቀጽላ የዛፉን ምግብ አይመጡም፤ ውኃቸውን ከዝናብና ከጉም ያገኛሉ። ስለዚህ ዛፉን ይጎዳሉ በሚል እነርሱን መላጥ ትርፉ ድካም ነው። ከሁሉም የሚያስደንቀው ገተም ነው። ብዙውን ጊዜ ዘሩ በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይበቅልና ሥሩን ቁልቁል ወደ መሬት ይሰዳል፤ ውሎ አድሮም ራሱን የቻለ ትልቅ ዛፍ ይሆናል። የካፋና የሸካ ነጭ ማር የሚገኘው ከዚህ ዛፍ አበባ ነው። አሮጌ ዛፍ በሌለበት ገተም የሚወጣበት ማደሪያ ያጣል ማለት ነው።

የደኑ አፈር ለምነት በአብዛኛው ከላይኛው ስስ ንጣፍ ላይ ነው። የረገፈው ቅጠል በሙቀትና በእርጥበት ፈጥኖ ይበሰብሳል፤ ከሥሮች ጋር ተዛምደው የሚኖሩ ፈንገሶችም ንጥረ ነገሩን መልሰው ለዕፅዋቱ ያደርሳሉ። በአማዞን ዝቅተኛ ሥፍራዎች ከንጥረ ነገሩ ትልቁ ድርሻ ያለው በሕያዋኑ ዕፅዋት ውስጥ እንጂ በአፈሩ ውስጥ አይደለም። የእኛ ቀይ አፈር ከዚያ የተሻለና ጥልቅ ቢሆንም የቅጠሉ ልባስ ሲነሳ ኃይለኛው ዝናብ ለምነቱን ያጥባል፣ አሲዳማነቱም ይብሳል። አዲስ በተመነጠረ ደን ላይ የተዘራ በቆሎ ለጥቂት ዓመታት ያማረ ምርት ሰጥቶ ኋላ የሚያሽቆለቁለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ችግኞቹ እንመለስ። ጤፍ በጎተራ ለዓመታት ይቀመጣል። የብዙዎቹ ነባር የደን ዛፎች ዘር ግን ከደረቀ ይሞታል፤ ስለዚህ እንደወደቀ ይበቅላል። የበቀለውም ችግኝ በጥላ ውስጥ ብዙም ሳያድግ ዓመታትን ይጠብቃል። አንድ ትልቅ ዛፍ ሲወድቅና ብርሃን ሲገባ ያን ጊዜ ሽቅብ ይመዘዛል። ብሳና በተቃራኒው ዘሩን በአፈር ውስጥ አቆይቶ ብርሃን ሲያገኝ ይነሣል። በመሆኑም ግርጌው በየዓመቱ በሚመነጠር ደን አሮጌው ቀረሮ ሲወድቅ ተተኪው ብሳና ሊሆን ይችላል። ብሳና ጥሩ ዛፍ ነው፤ የቀረሮን ቦታ ግን አይሞላም። እንዲህ ያለው ደን ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ስለሆነ ጉዳቱ ቶሎ አይታወቅም።

መፍትሔው ምንጣሮን መተው አይደለም። ከገጀራው በፊት ማሳውን ተዘዋውሮ በአሮጌ ጥላ ዛፎች አቅራቢያ ጥቂት ችግኞችን መምረጥና በአጠገባቸው ችካል መትከል ይቻላል። የቀረሮ ችግኝ ቅጠሉ ሲበጠስ ወተት መሰል ነጭ ፈሳሽ ያወጣል። የሾላ ዝርያዎችም እንዲሁ ስለሚያደርጉ ቅጠሉን ከእናት ዛፉ ቅጠል ጋር ማስተያየት ይገባል፤ ችግሩ የእናት ዛፉ ቅጠል እጅግ ከፍ ብሎ መገኘቱ ነው፤ የረገፈውን ከመሬት ማንሳት ይበቃል።